የዲጂታል ፎቶግራፍ ቃላትን በአማርኛ አስተካክሎ ስለ መጻፍ

ሦስት ሰዎች ያለፉበት አንድ የካሜራ መመሪያ ለመጨረሻ ንባብ ደርሶኝ ነበር። አንዱ ገጽ «ቪዲዮው በሰከንድ 100 ሜጋባይት ይቀዳል» ይላል። ቁጥሩ ስለበዛብኝ የቀደሙትን ረቂቆች ገልጬ ተመለከትሁ። ተርጓሚው በመጀመሪያ የጻፈው «ሜጋቢት» ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ጽሑፉን ያየው ሰው ቃሉን ስለማያውቀው የወር ስም በስሕተት የተጻፈ መስሎት «መጋቢት» ብሎ አረመው። ሦስተኛው ደግሞ በሰከንድ መቶ መጋቢት ሊቀዳ እንደማይችል ተረድቶ ወደሚያውቀው ወደ «ሜጋባይት» ለወጠው። ይህኛው እርማት ከመጋቢቱ የባሰ ነበር፤ መጋቢት ስለሚያስቅ አንባቢው ይነቃበታል፣ ሜጋባይት ግን ትክክል መስሎ ያልፋል።

ልዩነቱ የፊደል ብቻ አይደለም። ቢትና ባይት የመረጃ መጠን መለኪያዎች ናቸው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚቀዳ ቪዲዮ 64 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድን ለመሙላት ወደ 85 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሜጋባይት ነው ከተባለ ግን ያው ካርድ 11 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። መመሪያውን አምኖ የተነሣ ሰው ለአንድ ሰዓት ቀረጻ አንድ ካርድ የሚበቃው ሲሆን ስድስት ይዞ ይሄዳል።

በላቲን ፊደል ይህን ልዩነት የሚሸከመው የአንድ ፊደል መጠን ነው፤ ትልቁ ቢ ባይትን፣ ትንሹ ቢ ቢትን ያመለክታል። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በዲጂታል ፎቶግራፍ ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው፣ ላቲን በፊደል መጠን የሚለየውን እርሱ በቃሉ ሙሉ አጻጻፍ መለየት እንዳለበት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብ ይገባል። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ምክሮች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጩ ናቸው።

የመለኪያ ቃላት

የመለኪያ ቃላትን በሙሉ ይጻፉ። ሜጋፒክስል፣ ጊጋባይት፣ ሜጋቢት፣ ሚሊሜትር፣ ኬልቪን ተብለው ሳይቆረጡ ሲጻፉ ቦታ መፍጀታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም አይሳሳትባቸውም። በላቲን ትልቁ ኤም ሜጋን፣ ማለትም ሚሊዮንን ሲያመለክት፣ ትንሹ ኤም ደግሞ ሚሊን፣ ማለትም አንድ ሺሕኛን ያመለክታል። የሌንስ የትኩረት ርዝመት በሁለት ትንንሽ ኤም የሚጻፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ኤም ትልቅ አድርጎ 50 ቢጽፍበት፣ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 50 ሜጋሜትር፣ ማለትም 50,000 ኪሎ ሜትር ይሆንና የምድርን ወገብ ዞሮ ይተርፋል። በአማርኛ «50 ሚሊሜትር» ብሎ የጻፈ ሰው ይህ ሁሉ አይደርስበትም።

ምሕጻረ ቃል የግድ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ በጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በእዝባር (/) ማሳጠሩን አልመክርም። «መ/ቤት» እና «ወ/ሮ» የለመደ ዐይን «ሜ/ባ» የሚለውንም ያለ ችግር ያነበው ይሆናል። ይሁን እንጂ በፎቶግራፍ ጽሑፍ ውስጥ እዝባር ሌላ ከባድ ሥራ አለበት፤ ማካፈልን ያመለክታል። በአንድ ገጽ ላይ ያው ምልክት አንዴ ለማሳጠር፣ አንዴ ለማካፈል ሲውል አንባቢው መደናገሩ አይቀርም። ስለዚህ ለምሕጻረ ቃል ነጥብን ወይም ምንም ምልክት የሌለውን አጻጻፍ መምረጥ ይሻላል። እዚህ ላይ ፊደላችን ሳይታሰብ ያደረገልን ውለታ አለ፤ «ሜባ» እና «ሜቢ» ተብለው ሲያጥሩ በባይትና በቢት መካከል ያለው ልዩነት በራሱ በባ እና በቢ ይታያል። ቢሆንም ሁለቱ ምን ምን እንደሆኑ ከሠንጠረዡ በላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የብርሃንን የቀለም ሙቀት የምንለካበትን ኬልቪንን በተመለከተ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይሳሳታሉ። አንደኛው «5500 ዲግሪ ኬልቪን» የሚለው አጻጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተካሄደው የክብደትና የመለኪያ ጠቅላላ ጉባኤ «ዲግሪ» የሚለውን ቃል ከኬልቪን ላይ ስላነሣው ትክክለኛው «5500 ኬልቪን» ብቻ ነው። ሁለተኛው «5500 ኬ» የሚለው ነው። በላቲን ትልቁ ኬ ኬልቪን፣ ትንሹ ኬ ኪሎ ነው፤ በእኛ «ኬ» ግን ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። ከዚህም ሌላ «4ኬ» የሚባለው የቪዲዮ ስያሜ አለ፤ እዚያ ላይ ያለው ኬ ሙቀትን ሳይሆን በአግድም ወደ አራት ሺሕ የሚጠጉ ፒክስሎችን፣ ማለትም በቴሌቪዥን 3840፣ በሲኒማ 4096 መኖራቸውን የሚገልጽ ነው። «4ኬ» በዚህ መልኩ የታወቀ ስያሜ ስለሆነ እንዳለ ይተው፤ ከዚህ ውጭ ግን ብቻውን የቆመ ኬ ጽሑፍዎ ውስጥ ባይኖር ይመረጣል።

እንደ «ሜጋ» ያለ የመለኪያ ቅድመ ቅጥያ ከመለኪያው ጋር ተያይዞ ይጻፋል፤ «ሜጋፒክስል» እንጂ «ሜጋ ፒክስል» አይባልም። «ኪሎ ሜትር» ተለያይቶ መጻፉ በአማርኛ ሥር የሰደደ ልማድ ስለሆነ እርሱን መንካት አያስፈልግም፣ አዲሶቹን ቃላት ግን ከመጀመሪያው አያይዞ መልመድ ይቻላል። ከቁጥር ቀጥሎ ሲመጡ የብዙ ቁጥር ምልክት አይጨመርባቸውም፤ «24 ሜጋፒክስል ካሜራ» በቂ ነው።

ቁጥርና እዝባር

የአፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን በሌንሱ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ቁጥር «ኤፍ/2.8» ተብሎ ከእነ እዝባሩ ይጻፋል፤ በላቲን ደግሞ ኤፍ ሁልጊዜ ትንሹ ነው። እዝባሩ ጌጥ አይደለም። ኤፍ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት ስለሚወክል፣ ኤፍ/2 ማለት የትኩረት ርዝመቱ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ስፋት ነው፤ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ የቀዳዳው ስፋት 25 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቀዳዳው የሚጠበውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ የሚሆነው «አፐርቸሩን ከፍ ያድርጉ» የሚል መመሪያ ሲጻፍ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ይበል ወይስ ቀዳዳው ይስፋ የሚለውን አንባቢው ሊያውቅ አይችልም፣ ሁለቱም ደግሞ ተቃራኒዎች ናቸው። «ያስፉ» ወይም «ያጥብቡ» ብሎ ከዚያ ቁጥሩን መጥቀስ ይህን ግራ መጋባት ያስወግዳል። በሌንሱ ጠርዝ ላይ ያው መጠን በሁለት ነጥብ «1:2.8» ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ ትርጉሙ አንድ ስለሆነ በጽሑፍዎ ውስጥ ወደ «ኤፍ/2.8» ይመልሱት።

በሻተር ፍጥነት ላይ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ላይ፣ ያለው ወጥመድ ከካሜራው መስኮት ይመጣል። ብዙ ካሜራዎች ክፍልፋዩን ትተው «250» ብቻ ያሳያሉ፤ ትርጉሙ 1/250 ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ «በ250 ሰከንድ ፍጥነት ያንሡ» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቆሞ እንዲጠብቅ አዝዞታል። ሁለት ሰከንድ ግን በካሜራው ላይ 2 ተብሎ ከጎኑ እንደ ትምህርተ ጥቅስ ያለ ምልክት ይደረግበታል፤ ያ ምልክት የሰከንድ ምልክት እንጂ ጥቅስ ስላልሆነ ወደ ጽሑፉ አይሻገርም። የሚጻፈው «በ1/250 ሰከንድ» እና «በ2 ሰከንድ» ነው፤ መስተዋድዱ ከቁጥሩ ጋር ይያያዛል፣ በመካከላቸው ክፍተትም ሆነ ሰረዝ አይገባም።

አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚገልጸው ቁጥር መጠሪያ እንጂ የመለኪያ ስም አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን የሚቀድም እንጂ የሚከተል መሆን የለበትም። «አይኤስኦ 400» እንጂ «400 አይኤስኦ» አይባልም። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1947 ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት የመጣ ነው። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ይህ አጭር ስም የመጀመሪያ ፊደላት ጥርቅም ሳይሆን «እኩል» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው፤ በዚህ ከሄድን «አይሶ» ማለት የበለጠ ትክክል ነበር። ሆኖም በአማርኛ «አይኤስኦ» የሚለው ስለተለመደ እኔም እርሱን እከተላለሁ። የማልቀበለው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ማቀላቀል ነው።

የምስል ስፋትና ቁመት በላቲን የሚጻፈው በማባዣ ምልክት ነው፤ ምልክቱ የጠፋባቸው ሰዎች በምትኩ ኤክስ የሚባለውን ፊደል ያስገባሉ። በአማርኛ ግን «6000 በ4000 ፒክስል» ማለት ስለምንችል ምልክቱም ፊደሉም አያስፈልገንም። የጎኖች ንጽጽር ሲሆን ደግሞ «3 ለ2» እና «16 ለ9» የሚለው ያማረ የራሳችን አነጋገር አለ። በሁለት ነጥብ ከተጻፈ ሰዓት ይመስላል፤ «16፡9» የሚለውን አይቶ አሥራ ስድስት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ያላለ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነዎት።

በኢንች የሚለኩት ሁለት ነገሮችም ተለይተው መጻፍ አለባቸው። አንደኛው በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገኙ ፒክስሎች ብዛት ሲሆን የምስሉ ጉዳይ ነው፤ ሌላው በአንድ ኢንች ላይ የሚያርፉ የቀለም ነጥቦች ብዛት ሲሆን የማተሚያው ጉዳይ ነው። በላቲን ምሕጻር ልዩነታቸው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ዘወትር ይቀላቀላሉ። «በኢንች 300 ፒክስል» ወይም «በኢንች 1200 ነጥብ» ብለን ስንጽፍ የትኛውን እንደምንል በግልጽ ይታያል። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ምስል በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም 20 ኢንች በ13.3 ኢንች ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ስሌት ለአንባቢው ሲቀርብ ቃሉ ትክክል ካልሆነ ስሌቱም ትርጉም አይኖረውም።

ፊደላችን ድምፅን ያስመርጣል

የላቲን ፊደል ለጸሐፊው አንድ መሸሸጊያ ይሰጠዋል፤ ምሕጻሩን በትልልቅ ፊደል አስቀምጦ አነባበቡን ለአንባቢው መተው ይችላል። በፊደላችን የሚጽፍ ሰው ግን ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ መወሰን አለበት። ደንቡ ቀላል ነው፤ ባለሙያው እንደ ቃል የሚያነበው እንደ ቃል፣ ፊደል በፊደል የሚቆጥረው ደግሞ ፊደል በፊደል ይጻፍ። በዚህ መሠረት የፋይል ቅርጾቹ ጄፔግና ቲፍ፣ የምስል ዳሳሹ ሲሞስ ቃላት ናቸው፤ ሌላው የምስል ዳሳሽ ሲሲዲ፣ የካሜራ ዓይነቱ ዲኤስኤልአር፣ የፋይል ቅርጹ ዲኤንጂ ደግሞ የፊደል ስሞች ናቸው። የፊደል ስሞቹ ሳይነጣጠሉ፣ ያለ ነጥብ ይጻፋሉ። «ዓ.ም.» ነጥብ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ፊደል የአንድ የአማርኛ ቃል መነሻ ስለሆነ ነው፤ «ዲ.ኤስ.ኤል.አር.» ላይ ግን «ኤስ» ራሱ የአንድ ፊደል ሙሉ ስም እንጂ የተቆረጠ ቃል አይደለም።

ጄፔግ «ጄፒጂ» ሲባልም ይሰማል። የቅርጹ ስም ደረጃውን ካወጣው የባለሙያዎች ቡድን ስም የተወሰደ ነው፤ ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። «ጄፒጂ» የመጣው ከፋይሉ ስም መጨረሻ ነው፤ የቀድሞ ኮምፒውተሮች በዚያ ቦታ ከሦስት ፊደል በላይ ስለማይቀበሉ አንዷ ፊደል ተጣለች። ስለ ቅርጹ ሲናገሩ «ጄፔግ» ቢሉ፣ «ጄፒጂ»ን ለፋይሉ ቅጥያ ቢተዉት ሁለቱም ቦታቸውን ይይዛሉ። ፒኤንጂ የሚባለው ሌላው ቅርጽ በራሱ የደንብ ሰነድ ላይ «ፒንግ» ተብሎ እንዲነበብ ቢጻፍለትም እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ፒኤንጂ ይሁን። ጂፍ የሚባለው ቅርጽ ደግሞ የታወቀ ጠብ አለበት። ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ የሠራው ስቲቭ ዊልሃይት «ጂፍ» ተብሎ እንዲጠራ ይፈልግ ነበር፤ «ጊፍ» የሚሉት ግን ብዙ ናቸው። እንግሊዝኛ ጸሐፊው ሦስት ፊደል ጽፎ ከጠቡ ይወጣል፣ እኛ ግን መወሰን ስላለብን የሠሪውን ቃል ማክበር ተገቢ ይመስለኛል።

ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠው ፋይል የሚጠራበት ራው በላቲን በሦስት ትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ስለሚታይ ብዙዎች ምሕጻረ ቃል ይመስላቸዋል። አይደለም፤ «ጥሬ» የሚል ትርጉም ያለው ተራ ቃል ነው። ስለዚህ በፊደል ስሞች ሊዘረዘር አይችልም፣ «ራው ፋይል» ወይም «ጥሬ ፋይል» ማለት ይበቃል። ይህ ስም የጥሬ ፋይል ቅርጾች ሁሉ የወል መጠሪያ ነው። እያንዳንዱ አምራች የራሱ አለው፤ የኒኮን ኤንኢኤፍ፣ የሶኒ ኤአርደብሊው ይባላል፣ የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲኤንጂ የሚባለውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ አውጥቷል። «በራው ቅርጽ የተቀመጠ» ከማለት «የራው ፋይል» ማለት የሚሻለውም ራው አንድ ቅርጽ ስላልሆነ ነው። ከፎቶው ጋር የሚቀመጠው መረጃ ኤግዚፍም በላቲን ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ትልቅ፣ የቀሩት ትናንሽ ናቸው፤ ሁሉንም ትልቅ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው።

ለፊደላችን ምቹ የሆነውን አንድ ቃል ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ከዋናው ነገር በስተጀርባ የሚታየው ልስልስ ብዥታ «ቦኬ» ይባላል፤ ቃሉ የጃፓንኛ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በመጨረሻ ላይ ኤች የሚባል ፊደል ይታከልበታል። ይህን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1997 የአንድ የፎቶግራፍ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ማይክ ጆንስተን ሲሆን፣ ምክንያቱም አንባቢዎቹ የመጨረሻዋን አናባቢ ውጠው እንዳያነቡት ነው። «ኬ» ብሎ መጻፍ ለሚችል ፊደል ይህ ድጋፍ አያስፈልገውም። «ቦኬህ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሌላ ፊደልን ክራንች ተበድሮ ጤነኛ እግር ላይ ያስራል።

የአምራቾችን ስም በተመለከተ ባለቤቱ እንደሚጠራው መጻፍ ይሻላል። «ላይካ» የሚባለው ከኩባንያው የቀድሞ ባለቤት ቤተ ሰብ ስም ከላይትስ እና ካሜራ ከሚለው ቃል ስለተሠራ ነው፤ «ሊካ» ወይም «ሌይካ» አይደለም። «ኒኮን» በጃፓን የሚጠራው እኛ እንደምንጽፈው ነው፤ «ናይኮን» የአሜሪካውያን አነባበብ ነው። ፉጂፊልም አንድ ቃል ነው። ካኖን በጃፓንኛ ሲጻፍ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል ላይ ለሚያስብ ሰው የሚጥም ነገር አለው፤ ካታካና በሚባለው ፊደላቸው ውስጥ ትልቅና ትንሽ «ያ» አለ፣ ድምፁ የሚፈልገው ትንሹን ሆኖ ሳለ ኩባንያው ትልቁን ይጠቀማል፣ ትንሹ ከላዩ ባዶ ቦታ ትቶ ጽሑፉን ያጎድለዋልና። የስም አጻጻፍ ከድምፅ ብቻ እንደማይመነጭ ይህ ያሳያል፤ የመጨረሻው ሥልጣን የባለ ስሙ ነው።

በላቲን የተጸውዖ ስም በትልቅ ፊደል ሲጀምር አንባቢው ስም መሆኑን ወዲያው ያውቃል። በአማርኛ ይህ ምልክት ስለሌለ፣ ያልተለመደ የሶፍትዌር ወይም የካሜራ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በትምህርተ ጥቅስ ማስቀመጥና ምንነቱን ከጎኑ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ «ላይትሩም» የተባለው የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌር ብሎ ጀምሮ ከዚያ በኋላ ላይትሩም ማለት ይበቃል። ፎቶሾፕም የአንድ ሶፍትዌር ስም እንጂ ግሥ አይደለም፤ ባለቤቱ አዶቢም እንደ ግሥ እንዳይነገር ይጠይቃል። «ፎቶሾፕ ተደርጓል» የሚለው በንግግር ያልፋል፣ በጽሑፍ ግን «በፎቶሾፕ ተስተካክሏል» ወይም ሶፍትዌሩ የማይታወቅ ከሆነ «ምስሉ ተነካክቷል» ይባል።

በድምፅ ምርጫ ላይ ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ከውጭ የመጡ ቃላት በ«ፐ» እንጂ በ«ጰ» አይጻፉም፤ «ፒክስል» ይሆናል። «ቨ» የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ስለሆነ «ቪዲዮ» እና «ኬልቪን» ይባላል። «ኤክስፖዠር» በ«ዠ»፣ «አፐርቸር» በ«ቸ»፣ «ዲጂታል» በ«ጂ» ይጻፋል። «ሌንስ» ነጠላ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ስ» የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር መስሎት «ሌን» ብሎ የቆረጠ ሰው አይቻለሁ። ብዙው ሌንሶች፣ ፒክስሎች፣ ፎቶዎች ነው። ዋይፋይ በላቲን በሰረዝ ተከፍሎ ቢጻፍም በእኛ አንድ ቃል ነው፣ አውቶፎከስም እንዲሁ።

ሲተረጎሙ የሚያስቱ ቃላት

ሁሉን ነገር ወደ አማርኛ መመለስ መልካም ፍላጎት ቢሆንም መዝገበ ቃላት የሰጠውን የመጀመሪያ ትርጉም መቀበል አደገኛ ነው። «ኖይዝ» ጫጫታ አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ በምስሉ ላይ የሚረጨው ያልተፈለገ ነቁጥ ነው። «ስቶፕ» ማቆም አይደለም፤ የብርሃንን መጠን እጥፍ የማድረግ ወይም በግማሽ የመቀነስ አንድ እርምጃ ነው፣ ስለዚህ «ሁለት ስቶፕ ይጨምሩ» ማለት ብርሃኑን አራት እጥፍ ያድርጉ ማለት ነው። እነዚህን እንዳሉ በፊደላችን ጽፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ማስረዳት ከተሳሳተ አማርኛ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ጥራት» ነው። ብዙ ጸሐፊዎች «ሪዞሉሽን» ለማለትም «የምስል ጥራት» ይላሉ። 24 ሜጋፒክስል ያለው ፎቶ እጅ ተንቀጥቅጦ ወይም ፎከሱ ስቶ ሊደበዝዝ ይችላል፤ የፒክስሉ ብዛት ያው ነው፣ ጥራቱ ግን የለም። እኔ ለመጀመሪያው «የፒክስል ብዛት»፣ ለሁለተኛው «ጥራት» እያልሁ እለያቸዋለሁ። «ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ» የሚለውንም ሦስት የባዕድ ቃል ከመደርደር «ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት» ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ይረዝማል፣ ነገር ግን ማንም ያነበበው ይረዳዋል።

የራሳችንን ቃላት አጻጻፍ ደግሞ መዘንጋት የለብንም። «ፎቶ ማንሣት» በንጉሡ «ሣ» የሚጻፈው ከግእዙ «አንሥአ» ስለመጣ ነው፤ «ብርሃን» በሃሌታው፣ «ፀሐይ» በሐመሩ፣ «ኅትመት» በብዙኃኑ ይጻፋሉ። «ሥዕል» በእጅ የሚሣል ስለሆነ ለፎቶግራፍ «ምስል» ማለት ይገባል። ጋዜጦች ብዙ ጊዜ «ማንሳት» እና «ህትመት» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህን እንደ ኀጢአት አልቆጥረውም። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ገጽ «ማንሣት» በሌላው «ማንሳት» ሲሆን ግን በኮምፒውተር የሚፈልግ አንባቢ ግማሹን አያገኝም። «ፎቶ ማሳጠብ» የሚለው በኬሚካል ከሚታጠበው ፊልም ዘመን የቀረ ነው። በንግግር ላይ ውበት አለው፣ በመመሪያ ውስጥ ግን ማተሚያ ማሽንን ውኃ ውስጥ እንዲነከር እንዳያደርግ «ማተም» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የላቲኑ ፊደል የማይነካበት ቦታ

የፋይል ስም ወደ ፊደላችን አይመለስም፣ የፊደሎቹ መጠንም አይለወጥም። ካሜራዎች የሚከተሉት የጋራ ደንብ ለፋይል ስም ስምንት ቦታ ይሰጣል፤ አራቱ አምራቹ የሚመርጣቸው ሲሆኑ አራቱ ተራ ቁጥር ናቸው፣ ፊደሎቹም ትልልቅ ናቸው። በካርዱ ላይ ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት ዲሲአይኤም የተባለው ፎልደርም በአራት ትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ነው። በስሙ መነሻ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ዝቅተኛ ሰረዝ ሳይቀር መልእክት አለው፤ ፎቶው አዶቢ አርጂቢ በሚባለው የቀለም ክልል መነሣቱን ይናገራል።

በአንድ ወቅት አርባ ያህል ፎቶዎች ያሉበት ድረ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ በካሜራው ልማድ በትልልቅ ፊደል ነበር፤ እኔ ግን ገጹን ስጽፍ ሁሉንም በትንሽ ፊደል ጠራኋቸው። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ታዩ፤ ወደ አገልጋዩ ኮምፒውተር ሲተላለፉ ግን አንድም ፎቶ አልወጣም። የእኔ ኮምፒውተር በዊንዶውስ የሚሠራ ስለሆነ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ ሲቆጥር፣ አገልጋዩ በሊኑክስ የሚሠራ ስለነበር ሁለት የተለያዩ ስሞች አደረጋቸው። ምክንያቱን እስካገኝ ግማሽ ሌሊት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ፎቶዎችን ከካርድ ስገለብጥ የስሞቹን መጨረሻ በሙሉ ወደ ትንሽ ፊደል አስለውጣለሁ፣ በጽሑፌ ውስጥ የፋይል ስም ሲያስፈልገኝም በእጄ ከመጻፍ ይልቅ ከራሱ ከፋይሉ ቀድቼ እለጥፋለሁ።